የቤት ውስጥ የድምፅ ረዳቶች፦ ዕቃው የእኛ፣ አእምሮው የሌላ

ስማርት ስፒከር (በድምፅ የሚታዘዝ ድምፅ ማጉያ) ገዝቶ ሳሎኑ ያስቀመጠ ሰው በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንዳዘዘው ቢጻፍ ዝርዝሩ አጭር ነው። ዘፈን ክፈት፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አስታውሰኝ፣ መብራቱን አጥፋ፣ ነገ ይዘንባል ወይ። አማዞን ኤኮ የተባለውን ስፒከር፣ አሌክሳ ከተሰኘችው ረዳት ጋር፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሲያስተዋውቅ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታሰበው ከዚህ እጅግ የሰፋ ነበር። ጉግል በ2016፣ አፕል በ2018 የየራሳቸውን ስፒከር ይዘው የተከተሉት ሰው ከስክሪን ይልቅ በአፉ ማዘዝን ይመርጣል ብለው ነው። ቴክኖሎጂው ሠራ፤ ሰዉም ገዛው። አማዞን በ2025 መጀመሪያ እንደገለጸው አሌክሳ ያለችባቸው መሣሪያዎች ቁጥር 600 ሚሊዮን ደርሷል። የተጠበቀው ልማድ ግን አልመጣም። ሰው ዛሬም ሰዓት ያስሞላዋል፣ ዘፈን ያስከፍተዋል፣ ከዚያ ብዙም አይሻገርም።

ስለነዚህ ዕቃዎች የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ይሰልሉናል ወይስ አይሰልሉንም» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው፤ እመለስበታለሁ። ከሱ የሚቀድመው ግን ሌላ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የተሸጠ ስፒከር ለሚቀጥሉት ዓመታት በየቀኑ በኩባንያው ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚገናኘው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር) ላይ ሥራ ይፈጥራል። ያንን ወጪ ማን ይሸፍናል? የግላዊነቱም፣ የወርሃዊ ክፍያውም፣ ዕቃው አንድ ቀን በድንገት የሚሞተውም ምክንያት ከዚህ ይመዘዛል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ትእዛዝ የሚሄድበትን መንገድ እንይ። ማሽን የሰው ንግግር እንዲለይ የተደረገው ሙከራ አሮጌ ነው። በ1952 ቤል ላብስ የሠራው «ኦድሪ» የሚባል መሣሪያ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ ቁጥሮችን ይለይ ነበር፤ ያውም ድምፁን ያለማመዱለትን ሰው ብቻ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አይቢኤም ያሳየው «ሹቦክስ» 16 ቃል ላይ ደረሰ። የአፕል ረዳት ሲሪ በ2011 አይፎን 4ኤስ ላይ ስትመጣ ቃላቱ ገደብ አጡ፤ ተናጋሪው ግን ስልኩን በእጁ ይዞ ወደ አፉ ማስጠጋት ነበረበት። ኤኮ አዲስ ያደረገው ይህን ነው። ሰውየው ክፍሉ ማዶ ቆሞ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ስፒከሩ ራሱ ሙዚቃ እያሰማ ትእዛዙ መሰማት ነበረበት። ለዚህ የመጀመሪያው ኤኮ አናቱ ላይ ሰባት ማይክሮፎኖች ተደርድረውለት ነበር። ድምፁ አንዱ ማይክሮፎን ጋ ከሌላው በጥቂቱ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ከልዩነቱ ተናጋሪው በየት በኩል እንዳለ ይሰላል፤ የዚያ አቅጣጫ ድምፅ ይጎላል፣ የቀረው ይደበዝዛል። ስፒከሩ እያሰማ ያለውን ዘፈን ደግሞ ስለሚያውቀው ከሚሰማው ላይ ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ከመሣሪያው ጥበብ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህኛው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጥሪያ ስሙ ነው። ስፒከሩ ውስጥ ያለው አነስተኛ ፕሮግራም አንድ ስም ብቻ እንደሚያውቅ የበር ዘበኛ ነው፤ ሌላውን ወሬ ሁሉ እየሰማ ያሳልፈዋል። የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ሰከንድ ብቻ በምትይዝ ማስታወሻ ላይ ይጻፋል፣ ወዲያውም በአዲሱ ይተካል። ስሙ የተጠራ ሲመስለው ግን በሩን ይከፍታል። መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የሚነገረው በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይላካል። እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፣ ጽሑፉ «ይህ ሰው የፈለገው ምንድን ነው» ተብሎ ይተነተናል፣ መልሱ ይፈለጋል፣ መልሱ ተመልሶ ድምፅ ይሆንና ወደ ሳሎኑ ይመጣል። በተለመደው አሠራር፣ ስፒከሩ አጠገብ ያለ አምፖል ለማጥፋት እንኳ ትእዛዙ ሌላ አገር ያለ ሕንፃ ደርሶ ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ «ይሰማናል ወይ» ለሚለው፦ ይሰማል፤ ሁሉንም ግን አይልክም። ችግሩ ያለው ዘበኛው ሲሳሳት ነው። በ2020 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በስፒከሮች ፊት የቴሌቪዥን ድራማ አጫውተው ስንት ጊዜ ያለ ጥሪ እንደሚነቁ ቆጠሩ። እንደ መሣሪያው ዓይነት በቀን ከ1.5 እስከ 19 ጊዜ ሆነ። በዚያው ዓመት የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ረዳቶቹን በስህተት የሚቀሰቅሱ ከ1,000 በላይ የቃላት ጥምረቶች አገኙ፤ «ኢሌክሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሌክሳን ያነቃት ነበር። በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ያወሩት ነገር ተቀድቶ ለሚያውቁት ሰው ተልኮ ተገኘ። አማዞን ሲያስረዳ ረዳቷ መጀመሪያ ስሟ የተጠራ መሰላት፣ ቀጥሎ «መልእክት ላኪ» የተባለች መሰላት፣ «ለማን» ብላ ስትጠይቅ ከወሬው ውስጥ አንድ ስም የሰማች መሰላት፣ በመጨረሻም «አዎ ልክ ነው» የተባለች መሰላት አለ። አራት ስህተት በተከታታይ መሆኑ ነው። አይመስልም፣ ግን ሆነ።

ከስህተቱ ይልቅ ሰዉን ያስቆጣው በ2019 የወጣው ነው። በዚያ ዓመት ብሉምበርግ ስለ አማዞን፣ የቤልጂየሙ ቪአርቲ ስለ ጉግል፣ ጋርዲያን ስለ አፕል በተከታታይ እንደዘገቡት፣ ከተቀዱት ድምፆች የተወሰኑትን የሚያዳምጡ ሠራተኞች ነበሩ። ሥራቸው ማሽኑ በትክክል ሰምቶ እንደሆነ ማረም ነው። ማሽን ደግሞ ያለ እርማት አይማርም፤ በሙያው ላሉት ይህ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም። ተጠቃሚው ግን በግልጽ ቋንቋ ያልተነገረው ጉዳይ ነበር። አፕል ሥራውን አቁሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ወዲህም ተጠቃሚው ፈቅዶ ካልገባበት በቀር ቅጂው አይደመጥም አለ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሲሪ ያለ ጥሪ እየነቃች ቀድታለች በሚል የቀረበበትን ክስ ጥፋቱን ሳያምን በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማማ። አማዞንም በ2023 የሕፃናትን ድምፅ ያለአግባብ አቆይቷል፣ ወላጆች ሰርዙልን ሲሉም በሙሉ አልሰረዘም በሚል ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለቀረበበት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳያቸው በየቤቱ ተቀምጦ ወሬያችንን የሚከታተል ሰላይ አይታየኝም። የሚታየኝ ድምፃችንን እንደ ጥሬ ዕቃ የሚፈልግ ፋብሪካ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ገንዘቡ ይወስደናል።

ስፒከሮቹ ሲሸጡ ዋጋቸው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ መሣሪያው በርካሽ ቤት ይግባ፣ ትርፉ በኋላ ባለቤቱ በድምፅ ሲሸምት ይመጣል። ዘ ኢንፎርሜሽን የተባለው የዜና ተቋም በ2018 እንደዘገበው ግን በዚያ ዓመት አሌክሳ ያላቸው መሣሪያዎች ካሏቸው ሰዎች በድምፅ አንድም ነገር የገዙት ሁለት በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ዕቃ መግዛት ማየትና ማወዳደር ነው። ስክሪን ላይ ሃያ ጫማ በአንድ እይታ ይታያል፤ በድምፅ ሃያ ጫማ እየተዘረዘረ ቢነበብልን ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን እንረሳለን። ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ጽሑፍ ላይ ዳር ላይ ያለ ማስታወቂያ ዓይን ያልፈዋል፤ «ዝናብ አለ ወይ» ብሎ የጠየቀ ሰው ጆሮው ላይ በግድ ማስታወቂያ ቢነገረው ሶኬቱን ይነቅላል። ሰዓት መሙላትና መብራት ማጥፋት ደግሞ፣ ሰዉ በጣም የወደዳቸው ነገሮች፣ ሳንቲም አያስገቡም። እንዲያውም ያስወጣሉ።

ውጤቱ በቁጥር ወጣ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2024 እንደዘገበው የአማዞን የመሣሪያዎች ክፍል ከ2017 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። በ2022 መጨረሻ በኩባንያው የሠራተኛ ቅነሳ ሲጀመር ይህ ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ተነኪዎች አንዱ ነበር። ማይክሮሶፍትም የራሱን የድምፅ ረዳት ኮርታናን ከዊንዶውስ ላይ በ2023 አነሳት። በአጭሩ፣ ዕቃው በሰፊው የተወደደበት ምክንያትና ለኩባንያው ያላዋጣበት ምክንያት አንድ ነው።

ያን ሰሞን ነው ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገረው ቻትጂፒቲ የመጣው፣ በ2022 መጨረሻ። አሌክሳና ሲሪ በአንድ ጀምበር አርጅተው ታዩ። አሮጌው አሠራር በአብነቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፦ ባለሙያዎች «መብራት አጥፋ» የሚለው ሐሳብ በስንት ዓይነት አነጋገር ሊመጣ እንደሚችል እየገመቱ ያዘጋጁለታል፣ ከዚያ ውጭ ከተናገሩት «አልገባኝም» ይላል። አዲሶቹ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ግን የተንዛዛ፣ መሀል ላይ የታረመ፣ ግማሹ የተዋጠ ንግግርን ይረዳሉ። አማዞን በእንዲህ ያለ ሞዴል የሚሠራውን አሌክሳ ፕላስን በፌብሩዋሪ 2025 አስተዋወቀ፤ ለፕራይም (የአማዞን የክፍያ አባልነት) አባላት በነፃ፣ ለሌላው በወር 19.99 ዶላር። ጉግል ደግሞ በቤት መሣሪያዎቹ ላይ የነበረውን ረዳት በራሱ የቋንቋ ሞዴል በጄሚናይ መተካት ጀመረ። አፕል ለሲሪ ያስተዋወቀውን ማሻሻያ ግን በማርች 2025 እንደሚዘገይ አሳወቀ።

አፕል መዘግየቱ ብዙ ተተችቷል። እኔ ግን ችግሩ የአፕል ብቻ አይመስለኝም። አብነት ላይ የተሠራው ረዳት ደነዝ ነው፤ ደነዝነቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሳሎን አጥፊ» ስትላት ዛሬም ነገም ያንኑ ታደርጋለች። የቋንቋ ሞዴል በአንጻሩ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በዕድል ስሌት እየመረጠ የሚሄድ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሊናገርም ይችላል። ደብዳቤ ሲያረቅቅ ይህ ጠባዩ ይቻላል፤ ሰው አንብቦ ያርመዋል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የበሩን ቁልፍ ዘግቻለሁ ብሎ ሳይዘጋ ቢቀር ግን ማንም አያርመውም። በዚህ ላይ ትልቁ ሞዴል ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈልገው የኮምፒውተር ጉልበት ከአሮጌው ይበልጣል። በየጥያቄው ይከስር የነበረ ንግድ በየጥያቄው ይበልጥ ውድ የሆነ አእምሮ ሲገጠምለት ወርሃዊ ክፍያ መምጣቱ አያስገርምም።

ሌላም ነገር አብሮ መጣ። አንዳንድ የኤኮ ሞዴሎች ላይ ድምፁ ወደ ሰርቨር ሳይላክ እዚያው መሣሪያው ላይ ወደ ጽሑፍ እንዲቀየር የሚፈቅድ ምርጫ ነበር። አማዞን ይህን ምርጫ ከማርች 28 ቀን 2025 ጀምሮ አነሳው፤ ምክንያቱም አዲሱ አሠራር በሰርቨር ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው ተባለ። ቅጂው ከተሠራበት በኋላ እንዳይቀመጥ ማድረግ አሁንም ይቻላል፤ ያን ያደረገ ግን ረዳቷ የቤተሰቡን አባላት በድምፃቸው የምትለይበትን አገልግሎት ያጣል። በምርጫው ይጠቀሙ የነበሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ለዚያ ይመስለኛል ብዙ ጫጫታ ሳይነሳ ያለፈው። እኔ ግን ዋና ማስረጃ አድርጌ የምወስደው ይህን ነው። ሰው የገዛው ዕቃ፣ ከገዛው ከዓመታት በኋላ፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ፣ ውሉ ተለወጠበት።

ውሉ ሲለወጥ ብቻ ሳይሆን ሲቋረጥም አለ። ሪቮልቭ የሚባል የቤት መሣሪያዎች ማገናኛ «የዕድሜ ልክ አገልግሎት» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ኩባንያውን በ2014 የጉግል ንብረት የሆነው ኔስት ገዛው፣ በሜይ 2016 ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ማገናኛዎቹም ከዚያች ቀን ጀምሮ ባዶ ቀፎ ሆኑ። ሌላው የቤት መሣሪያዎች አምራች ኢንስቲኦን በአፕሪል 2022 ለደንበኞቹ ሳይናገር ሰርቨሩን አጠፋ፤ በኋላ ራሳቸው ተጠቃሚዎች ተሰባስበው ንብረቱን ገዝተው አስነሱት፣ ግን ይህ በየጊዜው የሚሆን አይደለም። ደረት ላይ የሚለጠፈው፣ በድምፅ የሚታዘዘው የሂውሜን ኩባንያ መሣሪያ በአፕሪል 2024 ለገበያ ቀርቦ በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ሞተ፤ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጉግል በኦክቶበር 2025 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልድ የኔስት ቴርሞስታቶች (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያዎች) ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ሲያወጣ ግን አንድ ልዩነት ነበር፦ ስልክ ላይ ካለው መተግበሪያ ተለያዩ እንጂ ግድግዳው ላይ በእጅ ሲዞሩ ሙቀቱን መቆጣጠራቸውን አላቆሙም። የሪቮልቭ ማገናኛና የኔስት ቴርሞስታት የተለያዩበት ይህ ነጥብ ከየትኛውም የማስታወቂያ ቃል ይልቅ ለገዢ ይጠቅማል።

ኩባንያው ሳይከስርም አንድ ቀን በቂ ነው። በኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን የክላውድ አገልግሎት (ለሌሎች ኩባንያዎችም ሰርቨር የሚያከራየው ክፍል) በአሜሪካ ምሥራቅ ባለው ማዕከሉ ተቋረጠ። አሌክሳ መልስ አጣች፣ የሪንግ የበር ካሜራዎች ታወሩ፣ ኤይት ስሊፕ የሚባሉት የራሳቸውን ሙቀት የሚያስተካክሉ ፍራሾች የተኙባቸው ሰዎች ሙቀቱን መቀነስ ሳይችሉ አደሩ። የፍራሾቹ አምራች በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋም ፍራሹ በብሉቱዝ የሚታዘዝበትን መንገድ ጨመረ። ከመጀመሪያው ያልታሰበበት መሆኑ ነው የሚገርመው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው አይገዛም» ሊል ይችላል። እንደዚያ አልልም። ዓይኑ ለማያይ ሰው፣ እጁ እንደልብ ለማይታዘዝለት፣ ከአልጋ መነሳት ለሚከብደው አዛውንት፣ በድምፅ መብራት ማብራትና ስልክ መደወል ቅንጦት አይደለም፤ የሰው እጅ ሳይጠብቅ መኖር ነው። እንዲያውም ለነሱ ሲባል ነው ጥንቃቄው መጥበቅ ያለበት፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ጤነኛው ተነስቶ ማብሪያውን ይጫናል፣ እነሱ ግን ይጨልምባቸዋል።

ቋንቋውም መታየት አለበት። አሌክሳ የምትናገራቸው ቋንቋዎች ከዓለም ቋንቋዎች ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው፣ አማርኛም ከነሱ ውስጥ የለም። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ያስቻለው ገና በ2017 ቢሆንም ከመጻፍ እስከ መታዘዝ ረጅም መንገድ አለ፤ ትንተናውም፣ መልሱን የሚያነብ ድምፅም፣ አገልግሎቶቹም በዚያው ቋንቋ መሠራት አለባቸው። በሚደገፉት ቋንቋዎች ውስጥም ቢሆን ሁሉም ተናጋሪ እኩል አይደመጥም። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የአምስት ትልልቅ ኩባንያዎችን የንግግር መለያ ፈትኖ በነጮች ንግግር ላይ 19 በመቶ፣ በጥቁሮች ንግግር ላይ 35 በመቶ ያህል የቃል ስህተት አግኝቷል።

ሌላ መንገድ እየተከፈተም ነው። በኦክቶበር 2022 የወጣው ማተር የሚባለው ስታንዳርድ፣ አማዞንም አፕልም ጉግልም ሳምሰንግም የተስማሙበት፣ የአንዱ ኩባንያ አምፖል ለሌላው ኩባንያ ስፒከር እዚያው ቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ እንዲታዘዝ ያደርጋል። ድምፁን ስለመረዳት ግን ማተር ምንም አይልም፤ አምፖሉ ኢንተርኔት ባይፈልግም ትእዛዙን የሚሰማው ጆሮ አሁንም ሊፈልግ ይችላል። አፕል ከ2021 ጀምሮ የሲሪን ንግግር መለየት አዳዲሶቹ አይፎኖች ቺፕ ላይ ስላደረገው ማንቂያ መሙላትን የመሰለ ትእዛዝ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሆም አሲስታንት የሚባለው፣ በ2013 የተጀመረውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሥርዓት፣ በ2024 መጨረሻ የራሱን የድምፅ መሣሪያ አወጣ፤ ባለቤቱ ከፈለገ ንግግሩ ሁሉ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተጀምሮ እዚያው ያበቃል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ለሁሉም ሰው አይደለም። ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መልሱም እንደ ትልልቆቹ አይፈጥንም። ሰዓት ለመሙላትና መብራት ለማጥፋት ግን ይበቃል፤ ሰው ከመነሻው የሚጠይቀው ደግሞ ያንን ነው።

ቤቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው የትኛው የራሱ፣ የትኛው የተከራየው እንደሆነ ለማወቅ ራውተሩን (ቤቱን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ሳጥን) ለአንድ ሰዓት ይንቀል። መብራቱ ከግድግዳው ማብሪያ ይበራል? በሩ በቁልፍ ይከፈታል? ሙቀቱ በእጅ ይስተካከላል? እምቢ ያለው ሁሉ አንድ ቀን በሌላ ሰው ውሳኔ እምቢ የሚል ነው። የማይክሮፎኑን መዝጊያ ቁልፍም በዚያው ይሞክረው። ኤኮ ላይ ቁልፉ የማይክሮፎኑን መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚያቋርጠው፤ መተግበሪያ ላይ ያለ ምርጫ ግን በቀጣዩ አፕዴት ሊቀየር ይችላል።

ሕጉ ቀስ እያለ እየደረሰ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው የኢንተርኔት ጥቃት ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች አሰልፎ በርካታ ታዋቂ ድረ ገጾችን ካሽመደመደ በኋላ ነው ነገሩ በቁም ነገር የተያዘው። ብሪታንያ ከአፕሪል 2024 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የጋራ የይለፍ ቃል ከልክላለች፤ አምራቹም ዕቃው የደህንነት አፕዴት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚያገኝ እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ዕቃው በባሕርዩ ቶሎ የሚያልቅ ካልሆነ በስተቀር ድጋፉ ከአምስት ዓመት እንዳያንስ ይጠይቃል። እነዚህ ሕጎች ስለ ደህንነት አፕዴት እንጂ ስለ ሰርቨሩ ዕድሜ አይደሉም፤ ሪቮልቭ ዛሬ ቢሆን ኖሮም ሊዘጋ ይችል ነበር። ያም ሆኖ አምራቹ ያሳወቀው ቀን ከመገዛቱ በፊት ሊነበብ የሚችል ነው፤ ቀኑን ፈልጎ ያጣ ገዢ ሻጩን በቀጥታ ሊጠይቅ ይችላል።